ፍራሽ መጋዘን ውስጥ የተቀዳው ጨዋታ

መቱ ውስጥ ድምፅ መቅዳት የሚፈልግ ሰው አንድ ጠላት አለው፤ ዝናብ። ቆርቆሮ ላይ መውረድ ሲጀምር አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች እንኳን አይደማመጡም። እኔና ጓደኛዬ ፖድካስት እንጀምር ብለን ስንነሳ ዝናቡን ከነጭራሹ ረስተነው ነበር። እዚሁ ተወልደን አድገን እንዴት እንደረሳነው ዛሬም አይገባኝም።

እኔ ከመናኸሪያው ከፍ ብላ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ማመልከቻ እተይባለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ የሠርግ ጥሪ አዘጋጃለሁ። ጓደኛዬ በግድግዳ የምንዋሰን ሞባይል ጠጋኝ ነው። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አብረን ስለተማርን አንዳችን የሌላችንን ሞኝነት ጠንቅቀን እናውቃለን። የፖድካስቱ ሐሳብ የእኔ ነበር። ለሥራ ወደ ጎሬ ስመላለስ፣ ሚኒባሱ እስኪሞላ አንድ የውጭ አገር ፖድካስት አዳምጥ ነበር። ሁለት ሰዎች ነጋዴዎችን እየጋበዙ፣ “ብሎግ ትጽፋላችሁ ወይ? ምን ትጽፋላችሁ? ገበያችሁንስ ምን ጠቀመው?” እያሉ ይጠይቃሉ። እንግሊዝኛቸው ስለሚፈጥንብኝ እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ ነበር የምሰማው። አንድ ቀን እንግዳው የውሻ ምግብ ሻጭ ሆነና፣ በየሳምንቱ ስለ ውሻ ኩርፊያ እንደሚጽፍ ኮራ ብሎ ተናገረ። ብቻዬን ስስቅ አጠገቤ የተቀመጡት እናት “ምነው ልጄ፣ ደህና ነሽ?” አሉኝ። ምክንያቱን ብነግራቸው ደህና አለመሆኔን ያረጋግጡ ነበርና ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ስመለስ ለጓደኛዬ ነገርኩት። “እኛ አገር እንዲህ የሚጽፍ ነጋዴ የለም?” አልኩት።

“አንቺው የምትተይቢላቸው ጋሼ አሉ አይደል እንዴ?” አለኝ፣ ዓይኑን ከፈታታው ስልክ ላይ ሳያነሳ።

ጋሼ የምንላቸው ፍራሽ ነጋዴ ናቸው። በየሳምንቱ ማክሰኞ ጠዋት በእጃቸው የጻፉትን ሁለት ገጽ አጥፈው በኮት ኪሳቸው ይዘው ይመጣሉ፤ እኔ ተይቤ ብሎጋቸው ላይ እለጥፍላቸዋለሁ። ስለ ፍራሽ ግን አንድ ቃል አይጽፉም። የሚጽፉት ስለ እንቅልፍ ነው። “ባል ሲያንኮራፋ ሚስት ምን ታድርግ” ብለው ጽፈዋል። “ከምሳ በኋላ መተኛት ስንፍና ነው ወይስ ጥበብ” ብለውም ጽፈዋል፤ ጥበብ ነው ብለው ደመደሙ። ጽሑፉን የሚያነበው ሰው እየበዛ ሄደ፤ ፍራሽ የሚገዛው ግን ያው ነበር። ሰዉ ሱቃቸው የሚመጣው ሊያማክራቸው ሆነ። አንድ አስተማሪማ ሕልሜን ፍቱልኝ ብሎ መጥቶ፣ “ይኼ የእኔ ክፍል አይደለም” ብለው ወደ ቤተ ክርስቲያን ልከውታል።

የመጀመሪያ ሙከራችን እኔ ክፍል ውስጥ፣ ብርድ ልብስ ተከናንበን ነበር። ቀድተን ስናዳምጠው ዝናቡ ይናገራል፣ እኛ ከኋላ እናጅበዋለን። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ሳቁና፣ “ለምን መጋዘኔ ውስጥ አትቀዱም?” አሉን። ሄድን። ከወለል እስከ ጣሪያ የተደረደረ ስፖንጅ ፍራሽ ነው፤ ኮርኒሱም ላይ ትርፍራፊ ስፖንጅ ተጠቅጥቋል። ውጭ ቦካው፣ ማለቴ ዝናቡ፣ እንደ ጉድ ይወርዳል፤ ውስጥ ግን ሰው የራሱን ትንፋሽ ይሰማል።

“አንድ ነገር አለ” አሉ ጋሼ። “የመጀመሪያው እንግዳ እኔ ነኝ።”

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ በተጠቀለሉ ፍራሾች ላይ ተቀመጥን። ስልኩን ትራስ ላይ አስደገፍነው። ባለቤታቸው እትዬ ቅቅል በቆሎ ይዘውልን መጡ፤ ከዚያ “እኔ የለሁም በሉ” ብለው ከፍራሾቹ ድርድር ኋላ ተቀመጡ። እትዬ የዚሁ የመቱ ልጅ ናቸው፤ ሲስቁም ሲቆጡም አፋን ኦሮሞው ይቀድማቸዋል።

ጨዋታው አማረ። ጋሼ ስለ ብሎጋቸው ሲያወሩ እያንዳንዱን ነጥብ በጣታቸው ይቆጥሩ ነበር። “ደንበኛ ሱቅ ሲገባ ይፈራል” አሉ። “ሊያታልለኝ ነው ብሎ ይጠብቃል። አስቀድሞ ጽሑፌን ያነበበ ሰው ግን ሲገባ እንደሚያውቀኝ ሆኖ ነው። እንግዲህ የሚያውቁትን ሰው ማታለልም፣ በሚያውቁት መታለልም ይከብዳል።” እኔ በደስታ ጭንቅላቴን እነቀንቃለሁ። ከውሻ ምግብ ሻጩ የበለጠ ተናገሩ እኮ!

ይኼኔ ጓደኛዬ በወረቀታችን ላይ ያልነበረ ጥያቄ ጣለ። “ጋሼ፣ እርስዎ ራስዎ የሚተኙት የትኛው ፍራሽ ላይ ነው?”

ጋሼ በቆሎውን አነሱ፣ መልሰው አስቀመጡት።

ከፍራሾቹ ኋላ ሳቅ ፈነዳ። “ዱጋ!” አሉ እትዬ በአፋን ኦሮሞ። “እውነቱን ንገራቸው እንጂ!”

“አንቺ የለሁም ብለሽ አልነበር?”

“አሁን አለሁ!”

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት። “ጠፍር አልጋ ላይ ነው የምተኛው” አሉ ቀስ ብለው። “ፍራሽ የለውም። ቆዳው ላይ ጋቢ አነጥፋለሁ፣ በቃ።”

እኔና ጓደኛዬ ተያየን። እሳቸው ግን ቀጠሉ። “ከወሎ ለሰፈራ ስንመጣ ሰባት ዓመቴ ነበር። ምድሩ ሁሉ ውኃ ነው። አባቴ ከአንድ የአካባቢው ሰው ቆዳ ለምኖ ጠፍር አወጣና አልጋ ወጠረልን። ከእርጥቡ መሬት ከፍ ብዬ የተኛሁባት የመጀመሪያዋ ቀን ገላዬ ውስጥ ቀረች መሰለኝ። ስፖንጅ ላይ ስተኛ የምሰምጥ ይመስለኛል። ሞክሬያለሁ፤ አልሆነልኝም።”

“ቆዳውን የሰጠው የእኔ አባት ነው!” አሉ እትዬ ከኋላ። “እሱንም አስገቡት!”

በማግስቱ ጋሼ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መንገድ ላይ ያዙኝ። “ያቺን የአልጋዋን ነገር ቁረጡልኝ” አሉኝ። “ፍራሽ ነጋዴ ነኝ፤ ሰው ምን ይለኛል?” እሺ አልኳቸው። ለጓደኛዬ ነገርኩት፤ እሱም እሺ አለ፣ ቆረጠውም። ችግሩ የተቆረጠውንና ያልተቆረጠውን አንድ ስም ሰጥቶ ጎን ለጎን ማስቀመጡ ነበር። ኢንተርኔት ላይ የለቀቀው ያልተቆረጠውን ነው። ይህን ያወቅነው ከሁለት ቀን በኋላ ነው፤ ያወቅነውም አንድ ባጃጅ ነጂ ሱቃቸው ደጃፍ ቆም ብሎ “ጋሼ፣ እንዴት አደሩ? ሰመጡ ወይስ ተረፉ?” ሲላቸው በጆሯችን ሰምተን ነው።

እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ጋሼ አልተሳደቡም። ከሩቅ ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው ሰላም ይሉናል፣ ያልፋሉ። መሳደብ ይሻል ነበር። ማክሰኞ መጣ፤ እሳቸው አልመጡም። የሚቀጥለው ማክሰኞም እንዲሁ።

“ሽማግሌ እንላክ” አለ ጓደኛዬ።

“ማንን?”

“እትዬን።”

እትዬ ግን እምቢ አሉ። “ቆራጩ እናንተ፣ ለቃቂው እናንተ፣ አስታራቂው እኔ? ራሳችሁ ሂዱ!” ሄድን። ገና ሱቁ በር ላይ ቆመን ጉሮሯችንን ስንጠርግ፣ አንዲት ሴት ሽማግሌ አባቷን ደግፋ ከኋላችን ገባች። ከጎሬ ነው የመጡት። ልጆቹ ተሰባስበው ለአባታቸው ወፍራም ፍራሽ ገዝተዋል፤ አባት ግን በየቀኑ ፍራሹን በሥርዓት ያነጥፉና ከጎኑ መሬት ላይ ይተኛሉ። ቤቱ በዚህ ጉዳይ ሰላም አጥቷል። ሴትየዋ የእኛን ፖድካስት ሰምታ አባቷን አሰማቻቸው፤ አባትየው ካልወሰድሽኝ ብለው አስቸገሯት።

ሽማግሌው ከዘራቸውን ተመርኩዘው ጋሼን ከላይ እስከ ታች አዩዋቸው። “አንተም ትሰምጣለህ?” አሉ።

ጋሼ አንዴ እኛን አዩ፣ አንዴ መሬቱን አዩ። “እሰምጣለሁ፣ አባቴ” አሉ።

“እንግዲህ ስሚ!” አሉ ሽማግሌው ወደ ልጃቸው ዞረው። “ሻጩ ራሱ ይሰምጣል!”

ሴትየዋ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ጋሼ ሳቁ፤ እኛ ለመሳቅ ፈቃድ ስላልነበረን በር ላይ ተጨንቀን ቆምን። ጋሼ ለሽማግሌው ወንበር አቀረቡ። ስለ ጠፍር አወጣጥ፣ ቆዳው ሲደርቅ እንዴት እንደሚጠብቅ፣ ወገብ እንዳያምም ከየት እንደሚወጠር ሲያወጉ ብዙ ቆዩ። ምንም አልሸጡላቸውም። ሲሸኟቸው ሴትየዋን “ያንን ፍራሽ አንቺ ተኝበት፣ አባትሽን ግን ተያቸው” አሏት።

ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ። ጓደኛዬ “ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ፋይሉ...” ማለት ሲጀምር በእጃቸው አቋረጡት። “ፋይሉን ተወው። ሁለተኛ ግን ስም ስታወጣ ተጠንቀቅ። ልጆች ብትወልድ ሁሉንም በአንድ ስም ልትጠራቸው ነው?”

በሚቀጥለው ማክሰኞ አራት ገጽ ይዘው መጡ። ርዕሱ “ፍራሽ ለማይስማማው ሰው” ይላል። የተቆረጠው ሁሉ በራሳቸው ብዕር ተጽፏል፤ የአማታቸው ቆዳም ጭምር። ከጻፏቸው ሁሉ ሰው የተቀባበለው ያንን ነው። ከኡካና ከጎሬ ሰው እየመጣ፣ “የሚበጀኝን ንገሩኝ” ይላቸው ጀመር። አትግዛ ያሉት ይመለሳል፤ ግዛ ያሉት ሳይከራከር ይገዛል። ስለ ብሎግና ስለ ንግድ ከዚያ በኋላ ብዙ ነጋዴዎች አነጋግረናል፤ የጎሬዋ ባለ ሆቴል ብቻ፣ “የምበላው የት እንደሆነ አትጠይቁኝም?” ብላ አስምላን ነው እሺ ያለችው።

በቅርቡ ደግሞ ጋሼ ለአንድ ዳሪሙ ላለ ገበሬ ፍራሽ ሸጡ። መንገዱ ከሆነ ቦታ በኋላ መኪና ስለማያስገባ ፍራሹ በበቅሎ ተጫነ። ጋሼም እንዴት እንደሚደርስ ልይ ብለው ተከትለው ሄዱ። ሲመለሱ ጫማቸው ጭቃ ብቻ ነበር፤ ኪሳቸው ግን በወረቀት አብጧል። አጠገቤ ቆመው ማስተየብ ጀመሩ፦ “በቅሎዋ ሦስት ጊዜ ቆመች። ሁለቱን ጊዜ ደክሟት ነው። በሦስተኛው ግን...”

“ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ” አልኳቸው። “ጣቴ አልደረሰም።”