የቤታችን ሸክላዎችና የኔ ጆሮ

ከፋሲካ ወዲህ የአማርኛ አስተማሪያችን የጻፍኩትን ድርሰት ለክፍሉ አነበቡት። ሲያነቡ አልሰማሁም። የልጆቹ ፊት አንድ በአንድ ወደ እኔ ሲዞር ግን አየሁ፤ ከፊቴ የምትቀመጠው ልጅ አፏን በእጇ ይዛ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ፣ ይስቃሉ ብዬ ያሰብኩት ቦታ ላይ እንደደረሱ አወቅኩ። እንዴት ደስ እንዳለኝ። ከዚያ ወዲህ ወረቀት ባገኘሁ ቁጥር እጄ አርፎ አይቀመጥም፤ ቃላቱ እኔን ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል ይመጡልኛል። ይሄንንም የምጽፈው ደስ እያለኝ ነው። የምጽፈው ነገር ግን ደስ አይልም። ስለ ቤታችን ሸክላዎች ነው፤ እነሱን እሰማበት ስለነበረው ጆሮዬም ነው።

የምንኖረው አምቦ፣ ከገበያው ወደ ፍልውሃው በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። አባዬ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ጎጆ ከምትባለው ከተማ ድንችና ገብስ ጭኖ አዲስ አበባ ያራግፋል። የጎጆን መንገድ ያየ ሰው አባዬ ለምን ዝምተኛ እንደሆነ ይገባዋል። ክረምት ላይ መኪናውን ጭቃ ይይዘውና እዚያ ብርድ ላይ ያድራል። የሌሎች ሾፌሮች ልጆች አባታቸው ከአዲስ አበባ ሲመለስ ዳቦና ብስኩት ይጠብቃሉ። እኛ የምንጠብቀው የዘፈን ሸክላ ነበር። አባዬ ከወንበሩ ጀርባ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ነው የሚያመጣው፤ ድንቹ ቢጨፈለቅ ግድ የለውም፣ ሸክላው ግን እንደ እንቁላል ነው የሚያዘው።

ማጫወቻችን እንደ ሻንጣ የሚከፈት የእንጨት ሳጥን ነው። መብራት እኛ ሰፈር ስላልደረሰ በባትሪ ድንጋይ ይሠራል። ድንጋዩ ሲደክም ዘፈኑ መጎተት ይጀምራል፤ መጀመሪያ ሴቷ ወንድ ትሆናለች፣ ቀጥሎ ወንዱ በሬ ይሆናል። ያኔ እማዬ «በቃ፣ አውጥታችሁ አስጡት» ትላለች። ድንጋዮቹን ፀሐይ ላይ ማስጣት የኔ ሥራ ነው። በርበሬ የተሰጣበት ሰሌን ጫፍ ላይ እደረድራቸዋለሁ፤ ሞቅ ሲላቸው ለአንድ ለሁለት ዘፈን የሚሆን ነፍስ ይዘራሉ። አባዬ አዲስ እስኪያመጣ በዚያ እንሰነብታለን።

ከሁሉ በፊት የወደድኩት መሐሉ ላይ ቀይ ወረቀት ያለውን ትንሹን ሸክላ ነው። ሴትዮዋ የሄደ ሰው ትጠራለች። አንድ ቦታ ላይ ተጭሯል፤ እዚያ ሲደርስ መርፌው ያነክስና «እስኪ፣ እስኪ፣ እስኪ» እያለች ትቀራለች፣ አንዳችን ተነስተን መርፌውን በጣት ገፋ እስክናደርግላት። እኔና እታለም፣ ታላቅ እህቴን ማለቴ ነው፣ ዘፈኑን ያጠናነው ከነጭረቱ ነው። አንድ ሰርግ ላይ ዘፋኙ ያንኑ ዘፈን ሳያነክስ ሲያልፈው እታለም ጠጋ ብላ «አላወቀበትም» አለችኝ። እኔም እስካሁን ያለ ጭረቱ ሙሉ ነው ብዬ አላምንም። ሰው ሲናፍቅ እንደዚያ ነው መሰለኝ፤ ሌላ ሰው መጥቶ ካልገፋው አንድ ቃል ላይ ይቀራል።

የእንግሊዝኛውን ትልቅ ሸክላ ያመጣችው እታለም ናት። አንድ አስተማሪዋ ወደ ሌላ አገር ሲዛወር ለተማሪዎቹ ካከፋፈለው ዕቃ የደረሳት ነው። ሽፋኑ ላይ አንድ ጥቁር ሰውዬ ዓይኑን ጨፍኖ ይታያል። ሲዘፍን ይጮኻል፤ ጥሩንባዎቹም እሱን ተከትለው ይጮኻሉ። መጀመሪያ ቀን እማዬ ከጓዳ ብቅ አለች።

«ይሄን ሰውዬ ምን አገኘው?»

«ፍቅር ይዞት ነው እማዬ» አለች እታለም።

«ታዲያ ዘመድ የለውም? ሐኪም ቤት አይወስዱትም?»

ሳቅን። ግን በኛ ቤት ሰው አይጮኽም። አባዬ ሲከፋው የመኪናውን ኮፈን ከፍቶ ይጎረጉራል፤ እማዬ ሲከፋት በርበሬ ትቀነጥሳለች። አፍን ሞልቶ መጮኽ እንደሚቻል፣ ጮኾም ሰው ሆኖ መቀጠል እንደሚቻል ያወቅኩት ከዚያ ሰውዬ ነው። አሁን አሁን ብዙ ጊዜ ትዝ ይለኛል።

የሱዳኑን የሰጡን ፊት ለፊታችን ጨርቅ የሚሸጡት ሐጂ ናቸው። ቫዮሊኖቹ ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ባንድ ላይ ሲያዘነብሉ ቤቱ ራሱ የሚዘም ይመስለኝ ነበር። ዘፋኙ ምን እንደሚል ሐጂን ጠየቅኳቸው።

«ናይል ዳር ተቀምጦ ያለቅሳል» አሉኝ።

ገልብጬ የጀርባውን አሰማኋቸው። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ።

«ይሄስ?»

«ይሄም እዚያው ነው። ገና አልተነሳም» አሉ።

አባዬን ግን በደንብ ያየሁት በኦሮምኛው ሸክላ ነው። ወትሮ ማጫወቻውን አይነካም፤ የዚያን ቀን መርፌውን ራሱ አስቀመጠ። አንድ ጊታርና አንድ የወጣት ድምፅ ነው። አባዬ ሳይቀመጥ ሰማው። ሲያልቅ «ኢንተላ ኮ፣ መልሺው» አለኝ፤ ልጄ ማለቱ ነው። መለስኩለት፣ አሁንም ቆሞ ሰማ። እናቱ ጎጆ ማዶ ያሉ ገበሬ ነበሩ፤ ያደገው በሳቸው ቋንቋ ነው፤ መሥሪያ ቤት ሲገባ ግን በአማርኛ ነው የሚያስረዳው፣ ላቡ እስኪመጣ። «ሸክላ ላይ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም» አለና ጎማ ሊያይ ወጣ። ጎማው ምንም አልሆነም ነበር።

ዐቢይ ጾም ሲገባ እማዬ እነዚህን ሁሉ በነጠላ ጠቅልላ ቁምሳጥን አናት ላይ ታወጣቸዋለች። የበገናው ብቻ ይቀራል። ትንሽ ሳለሁ አልወደውም ነበር፤ ጠርሙስ ውስጥ የገባ ዝንብ ነበር የሚመስለኝ። በኋላ ከሁሉም ቆይቶ የቀረኝ እሱ ሆነ። እንዴት እንደሆነ ልናገር።

ጆሮዬ ከልጅነቴ ጀምሮ ክረምት በገባ ቁጥር ይመግላል። አምቦ ውስጥ ደግሞ ሰው ሲያመው የት እንደሚሄድ የታወቀ ነው። ወገቡን ያመመውም፣ ቆዳው የቆሰለውም ከእንጭኒና ከካቺሲ ድረስ እየመጣ ፍልውሃችን ውስጥ ይዘፈዘፋል። ደጃችን ላይ እያለ እማዬ እንዴት ዝም ትበል? በየማለዳው ትወስደኝና ራሴን ይዛ ታጠልቀኝ ነበር። «ጆሮሽን ክፈቺው፣ ይግባበት» ትለኝ ነበር፣ ጆሮ እንደ ዓይን የሚከደን ይመስል። ውሃው ሞቃት ነው። ውስጥ ገብቶ ሲንጫጫ ሕመሙ እየሸሸ ይመስለኝ ነበር፤ እማዬም ፊቴን እያየች ትደሰት ነበር።

በዚህ ዓመት ከመስቀል በኋላ፣ ቀዩን ሸክላ ስናሰማ ሴትዮዋ ራቀችብኝ።

«ድንጋዩ ደክሟል» አልኳት እታለምን።

«አልደከመም።»

«ደክሟል እንጂ፣ አትሰሚም?»

«አንቺ ልጅ፣ አባዬ ትናንት ነው ያመጣው።»

አላመንኳትም። አውጥቼ አሰጣኋቸው፤ መልሼ ሳስገባቸው ያው ነው። በማግስቱም አሰጣሁ። ሐጂ መንገዱን ተሻግረው መጡና «አዲሱን ድንጋይ ምን አድርጎሽ ነው የምትጠብሺው?» ብለው ሳቁብኝ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ግን አንድ ነገር ልብ አልኩ። ድንጋይ ሲደክም ሴቷ ወንድ ትሆናለች ብያለሁ። ይቺ ግን ሴት እንደሆነች ናት። አልተጎተተችም። ሸክላው በደንብ ይዞራል፣ ቃሉም በጊዜው ይመጣል፤ እሷ ብቻ ማዶ ሆናለች። ቀና ስል እታለም እያየችኝ ነበር። እሷም ያኔ ነው የገባት።

አባዬ ከድንች ጆንያ ጋር ጭኖ አዲስ አበባ ወሰደን፣ እኔንና እማዬን። ያኔ ጮክ ብለው ሲናገሩ እሰማ ነበር። ሐኪሙ ጆሮዬን በመብራት አየና ወደ እማዬ ዞረ።

«ውሃ ይገባበት ነበር?»

«በየቀኑ፣ ዶክተር» አለች እማዬ ፊቷ በርቶ። «አንድ ቀን አላስታጎልኩም።»

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። ታምቡሩ ከድሮ የተቀደደ እንደሆነ፣ ውሃው በቀዳዳው እየገባ ውስጡን እንዳበላሸው ነገራት። አሁን የሚደረግ ነገር እንደሌለ ግን የተናገረው ለአባዬ ነው፣ ወደ መስኮቱ ወስዶ። አልሰማሁትም፤ የአባዬን ጀርባ ነው ያየሁት። ስንመለስ እማዬ መንገዱን ሙሉ ንፋስ እንዳይገባ ነጠላዋን ጆሮዬ ላይ ይዛ ነበር። ጎረቤቶቻችን አሁንም ጆሮው የሚመግል ልጃቸውን ወደ ፍልውሃው ይዘው ሲወርዱ ሮጣ ትወጣና «ተዉ፣ ጆሮው ውስጥ እንዳይገባ» ትላቸዋለች። «ያንቺዋ እድሏ ነው» ይሏታል። ይወርዳሉ።

አንድ ቀን አገጬን ማጫወቻው ጠርዝ ላይ አሳርፌ ሸክላው ሲዞር ስመለከት፣ ሴትዮዋ በአጥንቴ ገባች። እንጨቱን በጥርሴ ስነክሰው ደግሞ ይበልጥ ጠራች። እንዴት እንደተደሰትኩ። ሸክላዎቹን ሁሉ እንደገና በጥርሴ ሰማኋቸው፤ እንጨቱ ላይ የጥርሴ ምልክት ወጣበት፤ እታለም «አይጧ» ብላ ስም አወጣችልኝ። እማዬ ግን ስታየኝ ወደ ጓዳ ትገባለች። ከገና በኋላ የሱዳኑ ቫዮሊኖች ሄዱ። ቀጥሎ ጥሩንባዎቹ፣ ከዚያ የአባዬ ጊታር፣ ከዚያ ሴትዮዋ። ጾሙ ሲገባ በገናው ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ሳጥኑን ነክሼ እውላለሁ። ለፋሲካ ሌሎቹ ከቁምሳጥን አናት ሲወርዱ እሱም ዜማ መሆኑ ቀርቶ መንቀጥቀጥ ብቻ ሆኗል። መኪናም ሲያልፍ እንደዚያው ነው የሚሰማኝ።

ያም ሆኖ ዘፈኖቹ ልቤ ውስጥ ስላሉ የትም አይሄዱም ብዬ ነበር። ባለፈው እሁድ እታለም ቀዩን ሸክላ አስቀመጠችና አጠገቤ ተቀመጠች። ቀዩ ወረቀት መዞር ሲጀምር እኔም ልቤ ውስጥ ጀመርኩ። ቃል በቃል ሄድኩ፣ አንድም ያለፈኝ አልመሰለኝም። «እስኪ» ላይ ደረስኩ። ጭረቱ እዚያ ስለሆነ እታለም ተነስታ መርፌውን እስክትገፋ ጠበቅኩ። አልተነሳችም። አብሮ የሚዘፍነው ከንፈሯ ገና ሌላ ስንኝ ላይ ነው። ጠበቅኩ። ልቤ ውስጥ ሴትዮዋ እስኪ፣ እስኪ፣ እስኪ እያለች ቆማለች፤ እታለም አልተነሳችም። ስትነሳ እኔ የት እንደነበርኩ ጠፍቶብኝ ነበር። የትኛው ስንኝ እንደጎደለኝ አላውቅም። ማንንም መጠየቅ አልችልም፤ ቢነግሩኝም ቃሉን እንጂ ዜማውን አይነግሩኝም።

እታለም ፊቴን አየች። ከንፈሯን ቀስ አድርጋ፣ እንዳነበው፣ «ድንጋዩ ደክሞ ነው፤ ተጎተተ» አለችኝ።

ቀዩን ወረቀት አየሁት። እንደ ወትሮው ነው የሚዞረው። ድንጋዩን አባዬ ያመጣው ቅዳሜ ነው፤ እኔ ራሴ ነኝ የተቀበልኩት።

«ደክሟል» አልኳት እኔም።

ድንጋዮቹን አውጥቼ ወደ ደጅ ወጣሁ። ሰሌኑ ጫፍ ላይ ደረደርኳቸው። እታለም መጥታ ከበርበሬው አራቀችልኝ፤ ከዚያ ሁለታችንም እስኪሞቁ ድረስ ተቀመጥን።