የአዴ ሞሚና እርጎ

ባለፈው ሳምንት ሐረር፣ ፈረስ መጋላ ሻይ ቤት ደጃፍ ተቀምጬ ሳለ ሁለት ጎረምሶች ብስክሌታቸውን አቁመው ሄልሜታቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ሳላስፈቅድ አንዱን አንስቼ ውስጡን በአውራ ጣቴ ጫን ጫን አደረግሁት። "አባባ፣ ጠንካራ ነው እኮ" አለኝ ባለቤቱ። "ጥንካሬውን ተወው፤ የምፈልገው ልስላሴውን ነው" አልኩት። ሳቁብኝ። ሽማግሌ ሲሳቅበት ወሬ ይጀምራል።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ በንጉሡ ዘመን፣ ብስክሌት አሳብዶኝ ነበር። ክረምቱ ወጥቶ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ማሽላው ሲያሸት፣ ከሐረር ዓለማያ ደርሶ መልስ ውድድር ሊደረግ ሆነ። እናቴ ግን "አይሞከርም!" አለች። ምክንያት ነበራት። በፊተኛው ዓመት ጓደኛዬ ታደሰ እዚያው ውድድር ላይ ወድቆ፣ ተነስቶ አቧራውን አራግፎ፣ "ምንም አልሆንኩም" ብሎ እየሳቀ ብስክሌቱ ላይ ወጣ። ጥቂት ሄዶ ደግሞ ወደቀ። ራሱ ላይ ጭረት እንኳ አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ቀበርነው።

"ራስህን የሚያድን ነገር ሳታሳየኝ አትሄድም" አለች እናቴ።

ፈላና በር አጠገብ አው ዩሱፍ የሚባሉ መጽሐፍ ጠራዥ ነበሩ። ቁርኣን ሲጠርዙ ቆዳ በሙጫ እየደራረቡ እንደ ሳንቃ ያጠነክሩታል። ለእኔም በዚያው መንገድ ቆብ ሠሩልኝ። ልንፈትነው የራሴን የሚያህል ቅል ውስጡ አስረን ከጣሪያቸው ላይ ጣልነው። ሦስት ጊዜ ድው አለ፤ ቅሉ ግን ደህና ነው። "ማሻ አላህ!" አሉ አው ዩሱፍ። እኔ ጨፈርኩ።

በየጠዋቱ ከገጠር የሚሸጥ እርጎ ይዘው የሚመጡት እናት፣ አዴ ሞሚና፣ ደጁ ላይ ቆመው ያዩናል።

"ቅሉ ባዶ ነው እኮ" አሉ። "ያንተም ራስ ባዶ ነው እንዴ?"

አው ዩሱፍ በሳቅ ፈረሱ፤ እኔ ተናደድኩ። አዴ ሞሚና ግን ከያዙት እርጎ ቅሉን ሞልተው ከደኑትና "በል ጣለው" አሉኝ። ጣልኩት። ቅሉ አልተሰነጠቀም። ስንከፍተው እርጎው ተበጣጥሶ ውሃው ለብቻው ወጥቷል። ታደሰ ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ሰው ፊት መሆኔን ረስቼ አለቀስኩ።

"ልጄ፣ እኔ ያን ሁሉ መንገድ ስመጣ የምሳሳው ለቅሉ አይደለም" አሉኝ አዴ ሞሚና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "አንዴ ከተናወጠ ቁጭ ይበል። ደግመህ ከነቀነቅከው ወላሂ እርጎነቱ አለቀ።"

አው ዩሱፍ የቆቡን ውስጥ ቀደው ሱፍ ጠቀጠቁበት፤ ራሴ ቆዳውን እንዳይነካም በጠፍር አንጠለጠሉት። አራት ቀን ሙሉ አዴ ሞሚና እርጎ ያመጣሉ፣ እኔ እጥላለሁ፣ የተበላሸውን ተካፍለን እንጠጣለን። እርጎ ያስጠላኝ በዚያ ሳምንት ብቻ ነው። በመጨረሻ እርጎው ጥቂት ብቻ ተሰንጥቆ ወጣ። "ከዚህ በላይ እጄ አይችልም" አሉ አው ዩሱፍ። "የቀረው የአላህና ያንተ ነው።"

እናቴም ቆቡን አይታ ፈቀደች። በውድድሩ ቀን ሦስተኛ ሆኜ ስመለስ መታጠፊያው ላይ ጠጠር አንሸራቶ በራሴ ተከለኝ። ብድግ አልኩ። አልደማሁም፤ አላመመኝም። "ምንም አልሆንኩም" ልል አፌን ስከፍት "ቁጭ ይበል" የሚለው የአዴ ሞሚና ቃል ትዝ አለኝ። እግሬ መርገጥ፣ ልቤ ማሸነፍ ይፈልግ ነበር፤ ብስክሌቱን አጋድሜ መንገድ ዳር ቁጭ አልኩ። ሁሉም አለፉኝ። "ፈሪ!" ያለኝም አለ። ብዙም ሳይቆይ ዓይኔ ብዥ አለ፤ አስመለሰኝ። ከተማ የገባሁት በጭነት መኪና ነው።

አው ዩሱፍም አዴ ሞሚናም ካለፉ ቆዩ። ክርስቲያን ብሆንም በነሱ ወግ "አላህ ጀነት ያግባቸው" እላለሁ፤ ከልቤም ነው። ያን ዕለት ማን አንደኛ እንደወጣ ረስቼዋለሁ። እኔ መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ በመቅረቴ ግን ልጆቼን ባየሁ ቁጥር አመሰግናለሁ።