ላጠጣ ነው፣ ልብስሽን አንሺ

አያቴ ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ጠባቧን በረንዳችንን በተቆረጠ ጀሪካንና በቀለም ባልዲ ሞልተው ጎመንና ጤና አዳም ተከሉባት። ጭቃማው ውሃ ታች የተሰጣ ልብስ ላይ ስለሚንጠባጠብ፣ ጠዋት ጠዋት ከማጠጣታቸው በፊት ብረቱን ተደግፈው ታችኛዋን ጎረቤታችንን ይጣራሉ፦ «ልጄ፣ ላጠጣ ነው፣ ልብስሽን አንሺ!»

«አንስቻለሁ አባባ፣ ያጠጡ» ካላለቻቸው ጠብታ አያፈሱም።

«ሰፈሩ በሙሉ ሰማ እኮ!» እያልኩ እነጫነጭባቸው ነበር።

ከተቀበሩ ወዲህ በረንዳውን ከፍቼው አላውቅም። ዛሬ ጠዋት ግን ጎረቤታችን ከታች ጮክ ብላ ተጣራች፦ «ልብሴን አንስቻለሁ! የሚያጠጣ ሰው የለም?»

በረንዳውን ከፈትኩት። የአያቴን ጆግ ሞልቼ የጠወለገው ጎመን ላይ አፈሰስኩ። መልሱን ጠብታው ያድርስላት።