ኢዩኤል ባዩሽን ያጎረሰ ቀን

«እትዬ ባዩሽ ተቀይመውናል» ትላለች አሉ ናዝሬት፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ላገኘችው ሁሉ። ተቀይመውናል። የሰውን ቀን ጠቅልለው ይዘው ይሄዱና መቀየም ይሉታል።

እናንተም ስልክ አታነሳም እያላችሁ ባዩሽን አትሙብኝ። እኔም ስደውል አታነሳም። እኔ ግን በሯ ድረስ ወጥቼ እደበድባለሁ፤ ያኔ ትከፍትና «ሰርክ፣ አንቺስ ሰው አይደለሽም» ትለኛለች፣ ገብቼ እቀመጣለሁ። እዚሁ ስዊድን፣ ብሬዴንግ የሚባል ሰፈር አንድ ሕንፃ ላይ ነን፣ እሷ ሦስተኛ ፎቅ፣ እኔ አንደኛ። ሃያ ሁለት ዓመት ስንጎራበት የተደባበቅነው ዕድሜያችንን ብቻ ነው።

ባዩሽ በሱዳን አድርጋ የመጣች ናት። ሆቴል ስታጸዳ፣ የሰው አልጋ ስታነጥፍ ኖራ ነው ጡረታ የወጣችው። ባሏ ብዙነህ ካርቱም ላይ ሌላ ሴት አገባባት። እሷ «ሞቷል» ነው የምትለው፤ ተዝካሩንም አውጥታለታለች፣ በልተናል። ሰውየው እስከ ዛሬ ቶሮንቶ ታክሲ ይነዳል። ልጅ አልወለደችም። እና አንድ ሰው ያለ ልጅ፣ ያለ ባል፣ ሠላሳ ዓመት የሌላ ሰው አንሶላ ሲያጥፍ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ ምን ይሠራል? መስኮት ላይ ቆሞ የሚያልፍ ሰው ይቆጥራል። ባዩሽ ትቆጥር ነበር።

ከዚያ ናዝሬትና ሮቢ ከአዲስ አበባ መጡና አራተኛ ፎቅ ገቡ። ሮቢን በኮምፒውተር ሥራ ጠርተውት ነው፣ ናዝሬት ያኔ ሆዷ ገፍቷል። እናቷ ታመው መምጣት አልቻሉም። ባዩሽ ማንም ሳይጠራት ወጣች። ገንፎውን አገነፋች፣ አራሷን አረሰች፣ ልጁን አጠበች፣ አሸች። ልጁ ኢዩኤል ነው። ናዝሬት ያኔ «እናቴ ነዎት» ትላት ነበር። በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ አልረሳላትም።

ልጁ ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነው ዳጊስ አስገቡት፣ የሕፃናት መዋያውን ማለቴ ነው። ኢዩኤል ሆዬ እዚያ አፉን ዘጋ። እንደ ባሕታዊ። ውሃ እንኳ አልቀምስ አለ። በየቀኑ በምሳ ሰዓት ይደወላል፣ ናዝሬት ከሥራ መውጣት አትችልም፣ ባዩሽ ፍትፍቷን በሣህን ይዛ ትሮጣለች። በእጇ ስታጎርሰው ይበላል። ሌላ ሰው ሲያቀርብለት ፊቱን ያዞራል። በሦስተኛው ሳምንት ደክሟቸው አስወጡት፤ ከዚያ በኋላ ከጠዋት እስከ ማታ ባዩሽ ቤት ሆነ። ሁለት ዓመት ተኩል።

የሚበላው እንጀራ በአልጫ ብቻ፣ ያውም ከሷ ጣት። የናዝሬትን እጅ አሽትቶ ይተወዋል።

«ምን አድርገሽበት ነው?» አልኳት አንድ ቀን።

«ምንም። እጄን ለምዶ ነው።»

ያን ጊዜ ፊቷን ብታዩት። ባዩሽ በኩራት ስትናገር የሰማኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ዘንድሮ በበጋው ለአራት ዓመቱ ምርመራ ሕፃናት ጤና ጣቢያ ወሰዱት። ክብደቱ አልጨመረም። ነርሷ ረጋ ብላ አስረዳቻቸው፤ አዲስ ምግብ አሥርም አሥራ አምስትም ጊዜ ይቅረብለት፣ አታስገድዱት፣ አብራችሁት ብሉ፣ ይንካው፣ ያሽተው አለች። እስከ መኸር ከቀነሰ ግን ሆስፒታል እንልከዋለን፣ ምናልባት በአፍንጫው ቱቦ ያስፈልገው ይሆናል አለች። ናዝሬት ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ስታለቅስ እኔ ነኝ ያነሳኋት።

ሮቢ መላ አመጣ። ሄልሲንኪ የሚሄደው ትልቁ መርከብ ላይ ቡፌ አለ፣ የዓለም ምግብ ሁሉ እዚያ ነው፣ «መርከብ ላይ የት ይሸሻል?» አለ። ባዩሽን ይዘዋት ሄዱ፣ ልጁ ያለሷ ስለማይሆን። ለሷ በያዙት ክፍል ሁለተኛው አልጋ ባዶ ነበር። ባዶ አልጋ ካለ እኔ አለሁ።

ቀኑ ፍልሰታ ነው፣ በገባ በአምስተኛው ቀን። ናዝሬት «መንገደኛ አይጾምም» ብላ ራሷን ፈታች። ባዩሽ ግን ሱዳን በረሃ ላይ እንኳ ፍልሰታን ያልገደፈች ናት። ለራሷ የጾም፣ ለልጁ አልጫ ቋጥራ መጣች። ሮቢ የልጁን ሣህን ከእጇ ተቀብሎ ሻንጣው ውስጥ ቆለፈበት።

«እትዬ፣ አይቀየሙኝ። ካየው ሌላ አይነካም።»

የመጀመሪያ ቀን እራት ላይ ሮቢ አሥራ ሁለት ትናንሽ ሣህን ደረደረ። ዓሣው በየዓይነቱ፣ እንደ ትል የተጠቀለለ ቀይ ነገር፣ የሥጋ ድብልብል፣ ነጭ ቀይ መረቅ። በመስኮቱ ደሴቶቹ ያልፋሉ፣ ማን ያያቸዋል። «አንዴ ለአባዬ» ይላል ሮቢ፤ «አይስክሬም አለ» ትላለች ናዝሬት። ኢዩኤል ከንፈሩን ጥርቅም። በኋላ እጁን ወደ ባዩሽ ዘርግቶ ማልቀስ ጀመረ።

«እትዬ፣ እጅዎን እንዳያነሱ» አለ ሮቢ።

ባዩሽ ሁለት እጇን ከጭኖቿ ሥር ከታ ተቀመጠችባቸው። እንደዚያ ሆና ልጁ ጦሙን ሲነሳ አየች። እኔ ዓሣውን አየሁት፣ ዓሣው አየኝ፣ ተውኩት። ቢያንስ ያን ማታ።

በነጋታው መርከቡ ሄልሲንኪ ቆሞ እነሱ ልጁን ይዘው ሊያዞሩ ወረዱ። ባዩሽና እኔ ላይ ወጥተን ነፋሱ ላይ ተቀመጥን።

«ስሚ ባዩሽ» አልኳት። «ይኼ ልጅ የሰው እጅ የለመደ ቀን አንቺ ምን ነሽ? ጎረቤት ነሽ። ደም የለሽ፣ ወረቀት የለሽ። እሱን ይዘሽ የቆየሽው በአፉ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች።

«ካወቅሽማ ዝም በይ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር።»

«ቱቦ በአፍንጫው ሲከቱበት ቆሜ ልየው? ይብላ ብቻ፣ ሰርክ። ከማንም ይብላ።»

ይኼን ስትለኝ አፌን መያዝ ነበረብኝ። አልያዝኩም። መላውን የነገርኳት እኔ ነኝ። እናቴ ታናሽ ወንድሜን ጡት ስታስጥለው ያደረገችውን ነው።

«አታጉርሺው እንግዲያ» አልኳት። «እሱ ያጉርስሽ። ሕፃን የሰጠውን መልሰሽ ካልሰጠሽው አይወድም። ድንች አለ፣ ዳቦ አለ፣ ኪያር አለ። ጾምሽን ሳትገድፊ ከዚያ ጀምሪ።»

ማታ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ተቀመጥን። ባዩሽ ሮቢን «ዛሬ ለኔ ተዉልኝ» አለችው። የተቀቀለ ድንች ቆርሳ ልጁ ፊት አኖረችና አፏን ከፈተች። ኢዩኤል አያት። ድንቹን አነሳ፣ አሸተተ፣ አጎረሳት። ሳቀ። እሷም ቆርሳ አጎረሰችው፤ ሳያስበው ዋጠ። ናዝሬት ስልኳን አውጥታ መቅረጽ ጀመረች። ኪያር አጎረሳት፣ አጎረሰችው። ዳቦ። ሮቢ ትንፋሹን ይዟል።

ከዚያ ልጁ ተንጠራርቶ ከአባቱ ሣህን የሥጋውን ድብልብል አነሳ። በሁለት ጣቱ ይዞ አፏ ላይ አመጣው።

«ዱ ኦክሶ» አላት። አንቺም ማለቱ ነው። አማርኛ ይሰማል፣ መልሱ ግን ስዊድንኛ ነው።

ባዩሽ እኔን አየችኝ። ምን ልበላት? ጉርሻ አይመለስም። ትልቅ ሰው ያጎረሰሽን መመለስ ነውር ነው፣ በዕድሜው ለማንም ምግብ ዘርግቶ የማያውቅ ልጅ ሲያጎርስሽማ። ብትመልሰው ያ እጅ ሁለተኛ ይዘረጋል? ሮቢ እንኳ ጾሟን አስታውሶ «እትዬ…» ብሎ ጀመረና ተወው።

አፏን ከፈተች። እያኘከች እንባዋ ወረደ፣ ልጁ ግን የጣማት መሰለው። «ጎት?» ይላታል፤ ይጥማል ወይ እያለ ነው። «ይጥማል የኔ ጌታ» አለችው። የራሱን አፍ ከፍቶ ጠበቃት። አጎረሰችው። አላመጠ፣ ዋጠ፣ ሌላ አነሳ።

ከዚያ በኋላማ ምኑ ይወራል። ቀዩን ዓሣ አጎረሳት። ያን ትል የሚመስለውን ሽሪምፕ ከነጅራቱ አጎረሳት፣ ዋጠችው። አርባ ዓመት የጠበቀችውን ፍልሰታ ልጁ በአንድ እራት ጨረሰላት። ለሱ ሲሉ ገደፉ ብሎ አንድ ቃል የተናገራት የለም። ሮቢ ሚስቱን አቀፋት፣ ናዝሬት ስልኳን አቀፈች።

ጠዋት ቁርስ ላይ ኢዩኤል የራሱን ሣህን ይዞ ወደ ቡፌው ሄደ። እንቁላል አነሳ። አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ብሎ ባዩሽን አላየም። ባዩሽ እጇ ጭኗ ላይ ነበር፣ ማንም አታንሺው ሳይላት።

ተመልሰን ለንስሐ አባቷ ለቄስ ሕሩይ ተናዘዘች። እሷው ነች የነገረችኝ፣ አላዳመጥኩም።

«ምን በላሽ?»

«ሥጋ። ዓሣ። ሽሪምፕ።»

«ሽሪምፕ ምንድን ነው?»

«እኔም አላወቅኩት አባ። ሕፃን ልጅ ነው ያጎረሰኝ።»

«ስንት ጊዜ?»

«እስኪጠግብ፣ አባ።»

ሰባት ቀን ከነስግደቱ ሰጧት። ሰባቱንም ቀን ልጁ ቤቷ ስለነበረ ቅጣት አልመሰላትም።

በመስከረም ዳጊስ ገባ። በጥቅምት ሳጥን ማውረድ ጀመሩ፤ ሄሰልቢ፣ ከከተማው ሌላኛው ጫፍ፣ ቤት ገዝተዋል፣ ግቢ ያለው። መቼ ተገዛ ብዬ ሮቢን ደረጃ ላይ ያዝኩት።

«በሰኔ ነው የፈረምነው፣ እማማ ሰርክ። የልጁ ነገር ነበር የያዘን።»

በሰኔ። አያችሁ? መርከቡ ለልጁ ሆድ ብቻ መስሏት ነበር። በገዛ እጇ ከቤታቸው እንድትወጣ ነው ይዘዋት የሄዱት። ክፋት አይደለም ትላላችሁ፤ እኔም ክፋት አላልኩም። ክፉ ሰውማ ቢያንስ ያፍራል። እነዚህ ምን እንደወሰዱባት እንኳ አልታያቸው።

በመጨረሻው ቀን ናዝሬት መጥታ «እትዬ ባዩሽ፣ ደከሙልን፣ አሁን ይረፉ» ብላ ስጦታ ሰጠቻት። ፎቶ ነው፣ በፍሬም። ባዩሽ አፏ በሥጋ ተሞልቶ፣ በፍልሰታ። ቁም ሣጥን ውስጥ በፊቱ ደፍታዋለች። እሑድ እሑድ እናመጣዋለን ብለዋት ነበር። አንድ እሑድ አመጡት። ጃኬቱን ሳያወልቅ ሄደ፣ የጓደኛው ልደት ነበረ።

አሁን የምነግራችሁን ከኔ ሰማን እንዳትሉ። አስምላኛለች፣ ያስማለችኝ ግን ለዘመዶቿ እንዳልናገር ነው፣ እናንተ ደግሞ ዘመዷ አይደላችሁም።

በኅዳር አንድ ማክሰኞ ተነስታ፣ ከቀዩ ባቡር ወደ አረንጓዴው ቀይራ፣ ሄሰልቢ መጨረሻው ድረስ ሄደች። እዚያ ያለው የኢዩኤል ዳጊስ አጥር ጋ ቆመች፣ ልክ በምሳ ሰዓት። ላየው ብቻ ነው ብላኛለች። እኔ ግን ልቧን አውቀዋለሁ፤ አልበላ ብሎ ቢሆን ብላ ነው። አንዷ አስተማሪ ወጥታ ምን ልርዳሽ አለቻት። ሠላሳ ዓመት የተናገረችው ስዊድንኛ ጠፋባት። አያቱ ነኝ እንዳትል አይደለችም። ጎረቤቱ ነኝ እንዳትል ያም ቀርቷል።

«ሽንት ቤት» አለቻት።

ልጅቷ አዘነችላት መሰል አስገባቻት፣ በኮሪደሩ ሁለተኛው በር ነው አለቻት። ባዩሽ ደንግጣ በአንደኛው ገባች። የሕፃናቱ ነው። መቀመጫው የቡና በርጩማ አያክልም። ክዳኑ ላይ ከነካፖርትዋ ቁጭ አለች። በግድግዳው በኩል የማንኪያ ድምፅ ይሰማል፣ ከዚያ የሱ ድምፅ፤ «ሜር ፊስክ» ይላል። ዓሣ ጨምሩልኝ።

ልነሳ ስትል ጉልበቷ እምቢ አለ። ትንሿን እጅ መታጠቢያ ብትይዝ ተነቃነቀች። በመጨረሻ ተጣራች። ሁለት አስተማሪዎች መጡና በግራና ቀኝ ብብቷን ይዘው አነሷት። ቆመች፣ አመሰገነች፣ ነጠላዋን አስተካከለች። ወጥታ ልትሄድ ስትል አንድ ነገር ትዝ አላት መሰለኝ፣ ተመለሰችና፣ ምንም ያላደረገችበትን ሽንት ቤት፣ ሁለቱ አስተማሪዎች እያዩ፣ ውሃ ለቀቀችበት።