የማን ሥጋ ነው?

ጉዱን ያመጣብኝ ሜልበርን አውሮፕላን ማረፊያ ሰልፍ ላይ ቆሜ በስልክ አማርኛ ማውራቴ ነው። በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ፣ ተማሪ ሳለሁ ነው። ከኋላዬ የቆመ ጎልማሳ ስልኩን እስክዘጋ ጠብቆ፣ "ወንድሜ፣ አዲስ አበባ ነው የምትሄደው?" አለኝ። አዎ፣ በባንኮክ በኩል አልኩት።

"እንግዲህ እናቴን አደራ፣ እሷም ወደዚያው ናት። እኔ ሰንሻይን ሠፈር የሥራ ሺፍት አለብኝ። የሙስሊም ምግብ ቡክ አድርጌላታለሁ፤ ሌላ እንዳትበላ ብቻ እያት።"

እናቱ የወሎ ሰው ናቸው። ፍሌሚንግተን የሚባል የሜልበርን ሠፈር ልጃቸው ጋ ሦስት ዓመት ሲኖሩ ከ"ሄሎ" ሌላ እንግሊዝኛ አልያዙም። "አታስብ፣ እኔ አለሁ" አልኩት ደረቴን ነፍቼ።

ጎን ለጎን ተቀመጥን። መስኮቱ የሳቸው ነበር፤ እኔ ደግሞ መስኮት እወዳለሁ። "ጥጉ ይጨንቅዎታል እማማ፣ ወዲህ ቢሆኑ ይሻላል" ብዬ አስነሳኋቸው። "አላህ ይስጥህ ልጄ፣ አሳቢ ነህ" አሉኝ።

ለሌላው ሰው ምግብ ሳይወጣ አንዲት አስተናጋጅ መጥታ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። አልሰማኋትም። ድገሚልኝ ማለት አፈርኩ፤ እማማ እያዩኝ ነዋ! "የስ" አልኩ። ትሪውን ፊቴ አስቀመጠችው። ከሰው ሁሉ ቀድሞ ስለመጣልኝ ደስ እያለኝ፣ ክዳኑ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ቀድጄ በላሁ። የሳቸው አብሮ አለመምጣቱን እንኳ ልብ አላልኩም።

ቆይቶ ጋሪው መጣ። አስተናጋጇ እሳቸውን ስትጠይቅ አሁንም እኔ "የስ" አልኩላቸው። እማማ ክዳኑን ገልጠው አዩት፣ አሸተቱት።

"ልጄ፣ የማን ሥጋ ነው?"

የእስላም ነው ወይስ የክርስቲያን ማለታቸው ነው። ይህን በእንግሊዝኛ እንዴት ብዬ ልጠይቅ? "የማን ሥጋ ነው" ብላት የሰው ሥጋ ያማረኝ ይመስላታል። ልጃቸው ቡክ አድርጓል፣ አለቀ። "የእናንተው ነው፣ ይብሉ" አልኳቸው። ቢስሚላህ ብለው ምንም ሳያስቀሩ በሉት።

ትሪ ሲሰበሰብ ነው የቀደድኩትን ወረቀት ያነበብኩት። "የሙስሊም ምግብ" ይላል፤ ከሥሩ የመስኮቱ ወንበር ቁጥር አለ። ለካ ምግቡ የሚመጣው ለሰው ሳይሆን ለወንበር ነው! ከፊቴ ካለው ኪስ ሜኑውን አወጣሁ። ለሌላው ተሳፋሪ የቀረበው ዓሣ ወይም የአሳማ ሥጋ ነበር። እማማ የበሉት ዓሣ አልነበረም።

ላብ አጠመቀኝ። አደራ በላ የሚባል ስድብ አለ፤ እኔ ግን በሹካ ነው የበላሁት። ማተብ አስሬ የእስላም ሥጋ መብላቴ እንኳ ትዝ ያለኝ ከብዙ በኋላ ነው። ሳያውቁ የበሉት አይቆጠርባቸውም እያልኩ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ። እሱ የሚያድነው እሳቸውን እንጂ እኔን አልነበረም። አሁን እነግራቸዋለሁ፣ አሁን እነግራቸዋለሁ እያልኩ ባንኮክ እስክንደርስ በዚያ መስኮት ደመና ሳይ ዋልኩ። አፍሬ ነበር፤ ከማፈሬ የባሰው ፈሪ መሆኔ ነው። እሳቸው ደግሞ የተኮማተርኩት በርዶኝ መስሏቸው የራሳቸውን ብርድ ልብስ ደረቡልኝ።

ከባንኮክ ስንነሳ በየወንበራችን ተቀመጥን፣ መስኮቱን ለቀቅኩላቸው። አስተናጋጇን ሁለት ጊዜ አስደግሜ ስለ ምግባቸው ጠየቅኋት። ወረቀቱ ተለጥፎበት መጣ። በዚህ እንኳ ልካሳቸው ብዬ ሲበሉ አያለሁ። ሁለቴ ጎርሰው አቆሙ።

"ልጄ" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "የቅድሙ ይጥም ነበር። ካላስቸገርኩህ፣ ከሱ ካላቸው ጠይቅልኝ።"

"አልቋል እማማ" አልኳቸው።