የዶክሱ ግራ ጆሮ

ሃምሳ አለቃ ባንግ ዶክሱ ግራ ጆሮው እየከዳው መሆኑን ያወቀው ወጥ ቤት ውስጥ ነው። እሁድ ጠዋት ነበር። ሚስቱ ሚራን ልብስ ልታሰጣ ሰገነት ላይ ወጥታለች፤ እሱ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጦ ሽንኩርት ይከትፋል። ሚራን ባዶ ሳፋዋን ይዛ ስትመለስ በሩ ላይ ቆመችና፦

«የሶዳም አባት፣ ሩዝ ማብሰያው እኮ እየጮኸ ነው። አትሰማም እንዴ?» አለችው።

ማብሰያው በግራው በኩል፣ እጁን ቢዘረጋ በሚደርስበት ቦታ ነበር። ዶክሱ አንገቱን ሲያዞር ቀጭኗን ጩኸት ቀኝ ጆሮው ያዛት።

«ሐሳብ ይዞኝ ነው» ብሎ አጠፋው።

ሚራን ልጃቸውን ልትቀሰቅስ ገባች። እሱ ቢላዋውን አስቀመጠና አንዱን ጆሮውን በመዳፉ ደፍኖ፣ ደግሞ ሌላውን ደፍኖ፣ ማብሰያውን ደጋግሞ አስጮኸው። በቀኝ ይሰማል። በግራ ምንም የለም።

ሌላ ሰው ቢሆን በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ይሄድ ነበር። ዶክሱ ግን የሚኖረው በጆሮው ነው። በጦር መርከብ ሆድ ውስጥ፣ መስኮት በሌላት ክፍል ተቀምጦ፣ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ደፍቶ ከባሕር ሥር የሚመጣውን ድምፅ ማዳመጥ ነው ሥራው። አሥራ ስምንት ዓመት ሠርቶበታል። ሙሉ ጡረታውን ሊይዝ ሁለት ዓመት ቀርቶታል፤ የሚቀጥለው ማዕረግ ደግሞ ዘንድሮ ይደርሰዋል እየተባለ ነበር።

ያደገው ቹንግጁ ነው፤ የባሕር ሽታ እንኳ በማይደርስበት አገር፣ በፖም እርሻ መካከል። ልጅ ሳለ አባቱ ዛፍ ሥር አረፍ ብለው፣ ከኮረብታው ማዶ የእርሻ ሞተር ሲጮህ «ይሄ የማን ነው?» ይሉታል። እሱም «የጎረቤቶቻችን የማ ቤተሰብ ነው፤ የሞተሩ ቀበቶ ላልቷል» ይላል። አባቱ ኋላ ሲጠይቁ ቀበቶው ላልቶ ይገኛል። ባሕር ኃይል እገባለሁ ባለ ቀን ግን ሳቁበት። «ዋና እንኳ የማትችለውን ልጅ፣ ዓሣ ሊቀልቡብህ ነው?»

ጂንሄ የባሕር ኃይል ሰፈር ገብቶ በመጀመሪያው የባሕር ጉዞው አባቱ እንደሳቁበትም ሆነ። ለሦስት ወር ሙሉ አስመለሰው። ይሁን እንጂ ባልዲውን በጉልበቶቹ መካከል ይዞ፣ ማዳመጫውን ሳያወልቅ፣ የዓሣ አጥማጅ ጀልባን ከጭነት መርከብ፣ ሁለት ክንፍ ያለውን መርከብ የሚገፋ ፕሮፔለር አራት ካለው ይለይ ነበር። እያደር ማስመለሱ ተወው፤ ስሙም ተነሣ። ባሕሩ ውስጥ አንድ የማይታወቅ ነገር ሲንቀሳቀስ፣ የመርከቡ አዛዥ ከላይ ሆኖ በስልክ «ባንግ ምን ይላል?» ብሎ ይጠይቃል። በሕይወቱ ከሰማቸው ቃላት ሁሉ ዶክሱ የሚወዳቸው እነዚህን ሦስቱን ነው።

የዓመቱ የጆሮ ምርመራ ግንቦት ላይ ነበር። ስድስት ሳምንት ቀርቶታል።

በእነዚያ ሳምንታት ኑሮውን ሁሉ ወደ ቀኝ አዞረ። ከሚራን ጋር ሲሄድ ቀድሞ ወደ ግራዋ ይገባል። ምግብ ቤት ሲገቡ ግድግዳውን በግራው አድርጎ ይቀመጣል። ሶዳም ከኋላ ስትጠራው እንዳያመልጠው፣ ባትጠራውም ይዞራል፤ ልጅቷ «አባዬ ምን ሆነሃል፣ የሚያሳድድህ አለ?» ብላ ትስቅበታለች። አንድ ቅዳሜ የሲቪል ልብስ ለብሶ ማሳን ከተማ ድረስ ሄደና አንድ የታወቁ የባሕል መድኃኒት ዐዋቂ ዘንድ ገባ። አውቶቡስ ነጂ ነኝ አለ። ሽማግሌው የእጁን አንጓ ይዘው የደም ምቱን ሲያዳምጡ ቆዩ።

«አውቶቡስ ነጂ ከሆንክስ ምን አስጨነቀህ? ተሳፋሪ ሲሰድብህ አለመስማት ነው ጤና» አሉት።

«ሥራዬን አጣለሁ ብዬ ነው፣ አባቴ።»

«ላብህን አየዋለሁ። ይሄ የአውቶቡስ ላብ አይደለም» አሉና መራራ ቅጠል በወረቀት ጠቅልለው ሰጡት። ቅጠሉን ጠጥቶ ጨረሰ፤ ሆዱ ታመመ እንጂ ጆሮው ያው ነበር።

የምርመራው ቀን ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገቡት። ማዳመጫ ይደረግልሃል፤ ድምፅ ስትሰማ ቁልፉን ትጫናለህ። በቀኝ ጆሮው ያለ ችግር አለፈ። ምርመራው ወደ ግራ ሲዞር ዝምታ መጣ፤ ጥጥ የጠቀጠቁበት ያህል ዝምታ። ያኔ በትንሿ የመስታወት መስኮት በኩል የመርማሪዋን ትከሻ አየ። ድምፁን ስትለቅ ትከሻዋ በጣም ትንሽ ዝቅ ይላል። ዶክሱ ዐይኑን ከትከሻዋ ላይ ሳያነሣ፣ ዝቅ ባለ ቁጥር ቁልፉን ተጫነ። እንዳይታወቅበት ሁለት ሦስቱን ሆን ብሎ አለፋቸው።

«አሥራ ስምንት ዓመት የሠራ ጆሮ አይመስልም» አለች መርማሪዋ ወረቀቱን እየፈረመች። «ጎበዝ ነዎት።»

ከዚያ ወጥቶ መጸዳጃ ቤት ገባና ፊቱን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠበ።

መርከቧ ላይ ከእሱ ሥር የምትሠራ አስር አለቃ ሶል ሃይን የምትባል የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፅ ከድምፅ መለየት ያስተማራት እሱ ነው። ቀልደኛ ናት፤ ግን ማዳመጫውን ስትደፋ ሌላ ሰው ትሆናለች። በበዓል ወደ ቤተሰቧ መሄድ ያልቻለች ጊዜ ቤቱ ጠርቷት ከሚራን ጋር የበዓል ዱባ ጠብሳለች። ለረጅም አገልግሎት የምትመረጠው ወይም ተሰናብታ የምትሄደው በዚያ ዓመት መከር ነበር፤ የሚወስነውም የሥራ መዝገቧ ነው።

ሰኔ ላይ ለልምምድ ወጡ። የራሳቸው ወገን የሆነች አንዲት ሰርጓጅ መርከብ ጠላት ሆና ልታጠቃቸው ታደባለች፤ እነሱ ቀድመው ሊያገኟት ነው። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሶል ማዳመጫው ላይ ነበረች፤ ዶክሱ የክፍሉ ኃላፊ ሆኖ ሁለተኛውን ማዳመጫ ይዞ አጠገቧ ተቀምጧል። ባሕሩ ሽሪምፕ በሚባሉት ትንንሽ የባሕር ፍጥረታት ድምፅ ተሞልቶ ነበር፤ እርጥብ የጥድ ቅርንጫፍ እሳት ላይ ሲንጣጣ የሚሰማውን ይመስላል።

ሶል ድንገት ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

«አለቃ፣ በደቡብ ምዕራብ በኩል አንድ ነገር አለ። ቀጭን ነው፤ ያፏጫል። ከሽሪምፑ ሥር።»

ዶክሱ ዐይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ሽሪምፕ ብቻ፤ በአንድ ጆሮ ቀጭን ድምፅ ከጫጫታ አይለይም። የድምፁን መጠን ጨመረ፤ ያው ሽሪምፕ። የልቡ ምት ራሱ ከማዳመጫው የሚመጣ መሰለው። «አልሰማሁም» ቢል ምን እንደሚከተል በአንድ አፍታ ታየው።

«ሽሪምፕ ነው» አላት።

«ግን አለቃ...»

«ሽሪምፕ ነው አልኩሽ። አትጻፊው።»

ሶል ብዕሯን አስቀመጠች። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ከመርከቧ በስተኋላ አረንጓዴ ጭስ ከውሃው ላይ ተነሣ። ሰርጓጇ «ገድያችኋለሁ» ስትል የምትልከው ምልክት ነው። የመጣችውም ከደቡብ ምዕራብ ነበር።

አዛዡ ሁለቱንም አስጠራቸው። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«አንድ መቶ ሃያ ሰው ሞተናል» አለ። «ማዳመጫው ላይ ማን ነበር?»

«እኔ ነበርኩ፣ ጌታዬ» አለች ሶል።

«ምንም አልሰማሽም?»

ዶክሱ አጠገቧ ቆሟል፤ አፉን ቢከፍት የሚወጣውን ቃል ያውቀዋል። አልከፈተም።

«አልሰማሁም፣ ጌታዬ» አለች ሶል።

አዛዡ ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጻፈና አሰናበታቸው።

ማታ በመርከቧ መመገቢያ ክፍል ውስጥ ዶክሱ ትሪውን ይዞ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ሶል ሾርባዋን ታማስላለች እንጂ አትጠጣም።

«ለምን እንደዚያ አልሽ?»

«ምን ልበል ታዲያ? አለቃዬ አትጻፊው አለኝ ልበል?»

«እውነቱ እሱ አይደል?»

«እርስዎ ሽሪምፕ ነው ካሉ እኔ ማን ነኝ?» አለች፤ ዐይኗን ከሾርባው አላነሣችም። «እስከዚያ ጭስ ድረስ የተሳሳትኩ መስሎኝ ነበር። የራሴን ጆሮ ነው የተጠራጠርኩት።»

ማንኪያዋን አስቀምጣ ቀስ ብላ ጨመረች፦

«አለቃ፣ ከመጋቢት ጀምሮ ሁልጊዜ በቀኝዎ የምቀመጠው ለምን ይመስልዎታል?»

መርከቧ ጂንሄ እስክትመለስ የቀሩትን ሁለት ቀናት በየኮሪደሩ የሚያልፉትን ፊቶች እያየ አሳለፈ። ደጋግሞ የሚመጣበት አዛዡ የተናገረው ቁጥር ነበር። አንድ መቶ ሃያ። አብዛኞቹን በስም ያውቃቸዋል፤ ማን አዲስ እንዳገባ፣ የማን እናት ሆስፒታል እንደተኛች ያውቃል።

ቤት ሲደርስ ሚራን የጸጉር ቤቷን ዘግታ ገና እየገባች ነበር። ጫማዋን ሳታወልቅ ሁሉንም ነገራት፤ ሩዝ ማብሰያውን፣ የመርማሪዋን ትከሻ፣ ሽሪምፑን፣ ሶልን። ሚራን ዕቃዋን እንደያዘች ኮሪደሩ ላይ ቆመች።

«ማሳን የሄድከው የጓደኛህ አባት ታመው አልነበረም?»

«አልነበረም።»

«እና እኔ ለአንተ ማን ነኝ? የሰፈር ጸጉር ሠሪ?»

«እንዳትጨነቂ ብዬ...»

«አንተ ብቻ ተጨንቀህ እኔ የምተኛ ይመስልሃል?» ጫማዋን አውልቃ ወረወረችው። ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «ሁለት ዓመት ብቻ እኮ ነው የቀረህ። ሶዳም ገና ሁለተኛ ደረጃ ልትገባ ነው። ሶል ግን ወጣት ናት፤ ዘንድሮ ባይሳካላት ሌላ ሥራ ታገኛለች። ዝም በል። የሕመም ፈቃድ ጠይቅና ከዚያ ክፍል ውጣ፤ ማንም ሳያውቅ።»

እሱም ይህንኑ አስቦት ነበር፤ ከሷ አፍ ሲሰማው ግን የባሰ ከበደው። በዚህ ሁኔታ እስከ ማግስቱ አልተነጋገሩም። ጠዋት ዩኒፎርሙን ለብሶ ወደ ጠረጴዛው ሲመጣ ሚራን ሳህኑን አነሣችበት።

«ያቺ ልጅ እዚህ ወለል ላይ ተቀምጣ ከእኔ ጋር ዱባ ጠብሳለች» አለች። ዐይኗ አብጧል። «ሂድ ተናገር። ቁርስ ሳትበላ ሂድ። ቁርስ ከበላህ ሐሳብህን ትለውጣለህ፤ አውቅሃለሁ።»

ዶክሱ በቀጥታ ወደ አዛዡ ለመሄድ ወኔ ስላጣ፣ ከአዛዡ ሥር የመርከበኞቹ አለቃ የሆኑትን ሽማግሌውን ጉክን ፈለጋቸው። ጉክ ሠላሳ ዓመት ባሕር ላይ የኖሩ፣ ሲስቁ እንኳ የሚያስፈሩ ሰው ናቸው። መርከቧ ጫፍ ላይ ገመድ ሲያስጠቀልሉ አገኛቸው። ሰዎቹን አሰናብተው ሰሙት። እስኪጨርስ አላቋረጡትም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«ያወቅሁት መጋቢት ላይ ነው። የጀመረው ግን ከዚያ በፊት ይመስለኛል።»

«ምርመራውን በዐይንህ አለፍክ።»

«አዎ።»

ጉክ አንገታቸውን አዙረው ወደቡን ተመለከቱ። «ጆሮ ያልቃል፤ የእኔም ጉልበት አልቋል። በዚህ ማንም አይፈርድብህም። ልጅቷን ዝም ያሰኘሃት ነገር ግን...» ንግግራቸውን አልጨረሱትም። «መጥተህ ባትነግረኝ፣ ከሌላም ሰው ብሰማ፣ ዐይንህን አላይም ነበር። ና፣ አብረን እንግባ። እኔ አንኳኳለሁ፤ የምትናገረው አንተ ነህ።»

ውሳኔው ሃያ ሦስት ቀን ፈጀ። ዶክሱ በእነዚያ ቀናት ከመርከቧ ወርዶ አንድ ቢሮ ውስጥ ወረቀት ሲደረድር ዋለ። ኮሪደሩ ላይ የጫማ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ተነሥቶ ይቆማል። አንዳንዴ የሚያባርሩት ይመስለዋል፤ አንዳንዴ ደግሞ የረሱት። መረሳቱ ይበልጥ ያስፈራው ነበር። ሚራን በየቀኑ ከጸጉር ቤቷ ትደውላለች፤ «መጣ?» ትላለች፤ «አልመጣም» ይላል፤ ይዘጋሉ።

መጣ። ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ፤ የማዕረግ ዕድገቱ ቀርቷል፤ ዳግመኛ ማዳመጫ ላይ አይቀመጥም፤ የቀረውን ጊዜ በየብስ ያገለግላል። ስለ ልምምዱ የተጻፈው ተስተካክሎ የሶል ስም ከጥፋቱ ወጣ። ዶክሱ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብቦ ለሚራን ደወለ።

«አላባረሩኝም» አላት።

በወዲያኛው በኩል የጸጉር ማድረቂያው ጩኸት ቆመ። «እሺ» አለች ሚራን። «እሺ። ደንበኛ ይዣለሁ፤ ማታ አውራልኝ።» ስልኩን ስትዘጋ ግን እያለቀሰች ነበር።

ዕቃ ግምጃ ቤት መደቡት፤ ገመድ፣ ቀለም፣ ጓንት። የመጀመሪያዎቹ ወራት ከባድ ነበሩ። መርከቧ ከወደብ ስትወጣ መስኮቱ ጋ ሄዶ ይቆማል፤ ከዚያም እስክትመለስ ድረስ ሐሳቡ ከሷ ጋር ይሄዳል። ማዳመጫው ላይ ሲቀመጥ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም፤ የሚመጣውን እሱ ራሱ ይሰማ ነበርና። አሁን ሌሎች እንደሚሰሙለት ማመን አለበት። ይህን ለመልመድ ብዙ ጊዜ ወሰደበት፤ እንደ እውነቱ ከሆነ ጨርሶ ለምዶታልም አይባልም።

ሶል በመከር ተመረጠች። ከመከሩ በኋላ ብርዱ ሲገባ ለሁለት ወር ጉዞ ሲወጡ ጓንት ልትወስድ መጣች። በትከሻዋ ላይ አዲሱን ማዕረግ ለጥፋለች።

«ጆሮሽን መቼ ነው ያስመረመርሽ?» አላት ዶክሱ ገና ሰላምታ ሳይሰጣት።

«ባለፈው ወር፣ አለቃ።»

«ሁለቱንም?»

«ሁለት ብቻ ነው ያለኝ።» ሳቀች። «እርስዎ ደግሞ እንደ እናቴ ሆኑ።»

«እናትሽ ልክ ናት። ጆሮሽን ትንሽ ቅር ካለው፣ በዚያው ቀን ተናገሪ። በማግስቱ ሳይሆን በዚያው ቀን።»

«እሺ አለቃ።» ቀልዱን ትታ ነበር የመለሰችው። ፈርማ፣ ጓንቶቹን በብብቷ ይዛ፣ በሩ ላይ ዞር ብላ ሰላምታ ሰጠችው፤ ለግምጃ ቤት ሠራተኛ በማይሰጥ ዓይነት ቀጥ ያለ ሰላምታ። ዶክሱም ተነሥቶ መለሰላት።

ከኋላዋ ተሰልፎ የነበረ አንድ ምልምል መርከበኛ ወደ ዕቃ መስጫው መስኮት ቀረበና አንገቱን ደፍቶ አንድ ነገር አጉረመረመ።

«ጮክ ብለህ ተናገር፣ ወንድሜ» አለው ዶክሱ፣ ቀኝ ጎኑን ወደሱ እያዞረ። «በግራ ጆሮዬ አልሰማም።»