በሚካኤል ማኅበር ያፈሰስኩት ውሃ

ልጄ ሰብለ ከዓረብ አገር ከተመለሰች ገና ወሯ ነው። ተመስገን። እጇን ሳስታጥባት ውሃው ሁለቴ ጠብ ሳይል «ይበቃል እማ» ትላለች። በጣቶቿ ላይ የቀረውን እርጥበት ደግሞ ፊቷን ታብስበታለች። እስር ቤት ውስጥ ሰባት ወር ስትቆይ ለቀኑ የሚሰጧት አንድ ላስቲክ ውሃ ነበር። ከዚህ በላይ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳት።

ባለፈው እሁድ ዘመድ ጎረቤት «እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ» ሊላት ቤቴ ተሰብስቦ ሳለ፣ የላካት ደላላ አንድ ኪሎ ስኳር ይዞ ከች አለ። ከተማችን መካነ ሰላም ትንሽ ናት፤ ሰው ከሰው አይደበቅም። ልጄ ታሰረች ሲሉኝ ደውዬ ብለምነው «እማማ፣ እዚያ ጅብ የለ፣ ምን ያስፈራዎታል?» ብሎ የሳቀብኝ እሱ ነው። እንግዳ ነውና ተቀመጠ። ማንቆርቆሪያ ይዤ በየተራ ሳስታጥብ እሱ ጋ ደረስኩ። እጅጌውን ሰብስቦ ሁለት እጁን ዘረጋልኝ።

«ያፍስሱ እንጂ እማማ፣ በረሃብ ሊጨርሱን ነው?»

ሰው ሳቀ። የእኔ እጅ ግን አልታዘዝ አለኝ። ሌሎች ሁለት እጆች መጡብኝ፤ ልጅ ሳለሁ ፊቴ የተዘረጉ።

ያኔ፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው። አያ ይመር የእናቴ አጎት፣ ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር። ቀኝ እግራቸውን ይጎትታሉ፤ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ እንደ አምባር የዞረ ጠባሳ አለ። ከምንጭ ውሃ ቀድቼ ስመለስ ከእንስራዬ ጠብ ካለ ይቆጡኛል። ሲታጠቡ ከእጃቸው ሥር የሸክላ ጣባ ያስቀምጣሉ፤ የተጠራቀመውን ለዶሮዎቹ ይሰጣሉ። የሠፈር ልጆች «አያ ይመር፣ ዝናቡንም ቋጥረው ያስቀምጡልን!» እያልን እንቀልድባቸው ነበር። እሳቸውም ይስቁልን ነበር።

ታሪኩን እናቴ ነች የነገረችኝ። በጣልያን ጊዜ ለአርበኛ ስንቅ አቀበልክ ተብለው ተያዙ። በመኪና እስከ ምጽዋ፣ ከዚያ በጀልባ ወደ አንዲት ደረቅ ደሴት ወሰዷቸው። እስረኛው ድንጋይ ይፈልጣል፤ ዙሪያው ውሃ ነው፤ የሚጠጣ የለም። ሁለት ሁለት እየተደረጉ በአንድ ሰንሰለት ይታሰራሉ። የአያ ይመር የሰንሰለት ጓደኛ ካሳ የሚባል የከላላ ልጅ ነበር። ለቀን አንድ ጣሳ ውሃ ይሰጣል። የውሃውን በርሜል የሚጠብቀው የእኛው አገር ሰው፣ ለጣልያን ያደረ ወታደር ነው። ይህ ሰው ጠዋት ጠዋት ከእስረኞቹ ፊት ቆሞ እስከ ክርኑ ይታጠባል፤ ሦስቴ። ከዚያ ከጣቱ የሚንጠባጠበውን ፊታቸው ላይ እየረጨ «እንኳን ለጥምቀት አደረሳችሁ!» ይላቸዋል። የተጠሙ ሰዎች ያችን ጠብታ ከጉንጫቸው በምላሳቸው ይለቅማሉ። እሱ ይስቃል። ካሳ በጥም ሞተ። ሰንሰለቱን የሚፈታ ስላልመጣ አያ ይመር ሁለት ቀን ከሬሳው ጋር ተኙ።

ሰው ሰውን መግደሉ ከአቤል ጀምሮ ያለ ነው። በጥምቀት ስም መቀለድ ግን ከየት የመጣ ጭካኔ እንደሆነ አላውቅም።

በዚያ ዓመት የኅዳር ሚካኤል ማኅበር የእኛ ተራ ነበር። እናቴ ጠላውን ጠምቃ፣ ድፎውን ጋግራ፣ ቤቱን በእበት ለቅልቃ ጠበቀች። ገብሱ ታጭዶ ነበር፤ የውጪው ብርድ አጥንት ይሰብራል። ማኅበርተኛው ገባ። ቄሱ አንድ አዲስ ማኅበርተኛ ይዘው መጡ፤ ባላምባራስ ይሏቸዋል። በቅርቡ ወደ ከተማችን መጥተው መሬት የገዙ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ የሰጡ ሰው ናቸው። ነጭ ጋቢያቸው ያበራል። የክብር ቦታ ተሰጣቸው።

ማንቆርቆሪያውን ይዤ ከባላምባራስ ጀመርኩ። እስከ ክርናቸው ታጠቡ። «ድገሚኝ ልጄ» አሉ። ደገምኩ። «ሠልሺኝ፤ አትሰስቺ።» ሠለስኩ። ከዚያ ጣታቸውን አራግፈው ደጃፍ በተቀመጡት ሕፃናት ላይ ረጩና «እንኳን አደረሳችሁ!» ብለው ሳቁ። ሕፃናቱም ተንጫጩ፤ ቤቱ በሙሉ ሳቀ።

አያ ይመር አልሳቁም። ዞር ብዬ ሳያቸው በእጃቸው የያዙት በትር መሬት ወድቋል።

ጽዋው ተባርኮ ሲዞር እሳቸው ጋ ቆመ። አልተቀበሉም። የማኅበር ሥርዓት እንዲህ ነው፤ ከማኅበርተኛ የተጣላ ሰው ሳይታረቅ ከዚያ ጽዋ አይቀምስም።

«ከማን ተጣሉ አያ ይመር?» አሉ ቄሱ።

«ከዚህ ሰው።»

ባላምባራስ ግራ የገባቸው መሰሉ። አያ ይመር ሱሪያቸውን ሰብስበው ቁርጭምጭሚታቸውን አሳዩዋቸው። ያን ጊዜ የሰውየው ፊት ተለወጠ፤ ግን ወዲያው ተመለሰ።

«ያኔ የሰው ሎሌ ነበርሁ» አሉ። «ያዘዙኝን ነው የሠራሁ። ንስሐም ገብቻለሁ።»

«ውሃ እንድትከለክል አዘዙህ እንበል» አሉ አያ ይመር። ሰው ሁሉ አንቱ የሚለውን ሰው አንተ አሉት። «እንድትስቅ ማን አዘዘህ?»

ባላምባራስ ቀና ብለው ቄሱን አዩ። ቄሱም ተነሡ፤ ሽማግሎቹም ተነሡ። የሄዱት ወደ ባላምባራስ መስሎኝ ነበር። አያ ይመርን ከበቧቸው።

«አፉ ይበሏቸው እንጂ፤ ክርስቲያን አይደሉም?»

«በስንት ዓመቱ! ቂም ይዞ እንዴት ሚካኤል ይዘከራል?»

«የማኅበሩን ጽዋ አያሳድፉ።»

የታሰረውም እሳቸው፣ የተረገጠውም እሳቸው፣ በደለኛውም በመጨረሻ እሳቸው ሆነው አረፉት። አያ ይመር ከእናቴ በቀር ማንንም አላዩም። «ቤትሽን አላስነቅፍም» ብለዋት በትራቸውን ይዘው ወጡ። እስኪታረቁ ድረስ ከማኅበሩ ይገለሉ ተባለ። ጽዋው ቦታቸውን አልፎ ዞረ።

ከምግቡ በኋላ ባላምባራስ እጃቸውን እንደገና ዘረጉልኝ። «አፍስሺ እንጂ ልጄ።» እናቴን አየኋት። በዓይኗ «ዝም ብለሽ አፍስሺ» አለችኝ። አፈሰስኩ። ድገሚኝ አሉ፣ ደገምኩ። ሠልሺኝ አሉ፣ ሠለስኩ። የማንቆርቆሪያው ውሃ አለቀ። እሳቸውን ከተጸየፍኩት ይልቅ የራሴን እጅ የተጸየፍኩበት ቀን ነው። ለነፍስ አባቴ ተናዝዤዋለሁ፤ ግን አልወጣልኝም።

አያ ይመር አልታረቁም። ወር በገባ በአሥራ ሁለት ማኅበሩ ሲጠጣ እሳቸው ከወግዲ በሚያመጣው መንገድ ዳር አንድ ገንቦ ውሃ ይዘው ይቀመጡ ነበር። ገበያተኛውን፣ በቅሎ ነጂውን፣ እስላም ክርስቲያኑን «ስለ ካሳ ጠጡ» ይሉታል። ካሳ ማን እንደሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነበር። ሁሉም ጠጥቶ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይሄዳል። እስኪሞቱ ድረስ ማኅበራቸው ይህ ነበር።

እና በዚያ እሁድ ደላላው እጁን እንደዘረጋ ነበር።

«እማማ?» አለኝ።

ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጥኩት። ሳቁ ቆመ። ጎረቤቴ ጠጋ ብላ «ተይው እትዬ፣ ቤትሽ የመጣ ሰው ነው። ልጅሽ በደህና ገብታልሻለች፤ አፉ በዪው» አለችኝ።

«የተጠማሁት እኔ አይደለሁም» አልኳት። «አፉ የምትል እሷ ናት። እሷን ጠይቋት።»

ሁሉም ወደ ሰብለ ዞረ። ልጄ ቀስ ብላ ተነሥታ ማንቆርቆሪያውን አነሣች። ልታስታጥበው ነው መሰለኝ፤ ግን የመጣው ይምጣ ብዬ አልከለከልኳት። በፊቱ አለፈችና ጓዳ ገባች። የጀሪካኑን ክዳን ስትከፍት ተሰማ። አንዲት ጠብታ ሳታፈስ ውሃውን ወደ ጀሪካኑ መለሰችው።

ሰውየው የዘረጋውን እጅ የሚያደርግበት አጣ። ሱሪው ላይ ጠረግ ጠረግ አደረገውና ወጣ።

ልጄን ለመለሰልኝ አምላክ ምስጋና ይግባው። በመጪው ሚካኤል፣ ዕድሜ ከሰጠን፣ አንድ ጀሪካን ውሃ ይዘን መንገድ ዳር እንቀመጣለን። ሰብለ በማን ስም እንደምታጠጣ አልጠየቅኳትም። ከእሷ ጋር ከታሰሩት ያልተመለሱ አሉ።